3 ከመቶ የሚባለው የደመወዝ ጭማሪ የውሉ ትንሹ ክፍል ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የአሜሪካ ከተሞች ከእሳት አደጋ ሠራተኞች ማኅበራት ጋር ስለሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት በሚወጣ ዘገባ ሁሉ፣ የእናንተንም ጨምሮ፣ ጎልቶ የሚታየው የደመወዝ ጭማሪው መቶኛ ነው። ከተማን ለአርባ ዓመት ባለዕዳ የሚያደርገው ግን ከመቶኛው በታች ያለው ጽሑፍ ነው።

ጡረታ የሚታሰብበት ደመወዝ የሚለውን አንቀጽ እንይ። የአንድ ሠራተኛ ጡረታ የሚገኘው የአገልግሎት ዘመኑ፣ ለእያንዳንዱ ዓመት የሚታሰበው መቶኛና የመጨረሻ ደመወዙ ተባዝተው ነው። 25 ዓመት ያገለገለ፣ በዓመት 3 ከመቶ የሚታሰብለትና የመጨረሻ ደመወዙ 100,000 ዶላር የሆነ ሰው በዓመት 75,000 ዶላር ያገኛል። በመጨረሻው ዓመት ያልተጠቀመበት ፈቃድ በገንዘብ ተለውጦለት ደመወዙ 110,000 ቢሆን ጡረታው 82,500 ይሆናል። በ52 ዓመቱ ወጥቶ እስከ 80 ቢኖር፣ የኑሮ ውድነት ማስተካከያውን ሳንቆጥር፣ ያቺ የአንድ ዓመት 10,000 ዶላር 210,000 ታስከፍላለች። ስሌቱ በሦስት ዓመት አማካይ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ በዓመት ከ7,500 ወደ 2,500 ይወርድ ነበር። ካሊፎርኒያ ከ2013 ጀምሮ ለአዲስ ተቀጣሪዎች የሦስት ዓመት አማካይን ያስገደደችው፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞችም ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የሚታሰበውን መቶኛ ጣሪያ በ57 ዓመት ዕድሜ ለሚወጡ 2.7 ያደረገችው ለዚህ ነው። ነባሮቹ ግን በድሮው ቀመር ስለሚቀጥሉ ቁጠባው ጎልቶ የሚታየው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከዚህ የባሰው ወደኋላ የሚሠራ ጭማሪ ነው። ቀመሩ ከ2 ወደ 3 ከመቶ ሲያድግና ላለፈው አገልግሎትም ይሠራል ሲባል፣ 20 ዓመት የቆየ ሠራተኛ መዋጮ ያልተሰበሰበበት የደመወዙ 20 ከመቶ በአንድ ሌሊት ጡረታው ላይ ይጨመርለታል። ካሊፎርኒያ በ1999 ለሀይዌይ ፖሊሶቿ በ50 ዓመት ዕድሜ ሲወጡ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 3 ከመቶ እንዲታሰብላቸው ስትፈቅድ ብዙ ከተሞች ለራሳቸው ሠራተኞች ያንኑ ተከተሉ። የአክሲዮን ገበያው በ2000 መውደቅ ሲጀምር ዕዳው ተገለጠ። የግዛቱ ጡረታ ፈንድ ካልፐርስም ገንዘቤ ያፈራል ብሎ የሚገምተውን ትርፍ ከ7.75 ወደ 7.5፣ ወደ 7፣ ከዚያም በ2021 ወደ 6.8 ከመቶ አወረደ። ግምቱ በወረደ ቁጥር፣ በውሉ ላይ አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ የከተሞቹ ክፍያ ይጨምራል። የድርድር ጠረጴዛ ላይ ማንም የማያነሳው ወጪ ይህ ነው።

ሌላው የሰው ኃይል ነው፤ በእኔ ግምት በጣም የሚታለፈውም እሱ ነው። ብዙ ውሎች በአንድ መኪና ላይ ከ4 ሰው እንዳያንስ ያዛሉ። ለደኅንነት ሲባል ትክክል ነው፤ ሒሳቡ ግን መሠራት አለበት። አንድ መቀመጫ ቀንና ሌሊት በዓመት 8,760 ሰዓት ሰው ይፈልጋል። 24 ሰዓት ሠርቶ 48 ሰዓት የሚያርፍ ሠራተኛ በዓመት 2,912 ሰዓት ይመደባል። የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድና ሥልጠና 500 ሰዓት ቢወስዱበት 2,412 ይቀራል። ስለዚህ ለአንድ መቀመጫ 3.6 ሰው፣ ለአንድ መኪና 14.5 ሰው ያስፈልጋል። በሦስት ፈረቃ የተመደቡት ግን 12 ናቸው። የጎደለው በትርፍ ሰዓት ይሞላል፤ የፈቃድ ቀን ሲጨመርም ጉድለቱ ይሰፋል።

በዚህ ላይ የፌዴራል ሕግ አለ። በ28 ቀን ውስጥ ከ212 ሰዓት በላይ የሠራ የእሳት አደጋ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይገባዋል። ከላይ ያለው ፈረቃ በአማካይ 224 ሰዓት ስለሆነ፣ ማንም ተጨማሪ ሳይሠራ 12 ሰዓት ከጣሪያው ያልፋል። ሕጉ ፈቃድ ላይ የዋለን ሰዓት እንደ ሥራ ሰዓት ቁጠሩ አይልም፤ ብዙ ውሎች ግን ይቆጥሩታል። ይህን ሐረግ ማስገባትም ማውጣትም ከግማሽ ከመቶ የደመወዝ ክርክር የበለጠ ሊያስወጣ ይችላል።

አዲስ ሰው ይቀጠር ወይስ ትርፍ ሰዓት ይከፈል ሲባል ከተሞች አዘውትረው ይሳሳታሉ። ትርፍ ሰዓት የደመወዙን አንድ ተኩል ያስከፍላል። ጡረታውና ሌላው ጥቅማጥቅም ከደመወዙ ግማሽ ካለፈ ትርፍ ሰዓት ይሻላል ይላሉ። ነገር ግን ከጡረታ ክፍያው አብዛኛው ያለፈው ጊዜ ዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ያ ዕዳ ሰው ቢቀጠርም ባይቀጠርም ይከፈላል። ከጡረታው ለንጽጽር የሚቆጠረው ከተማው ለአዲሱ ሠራተኛ የሚከፍለው የዓመቱ መዋጮ ብቻ ነው። ይህ ሲለይ መቅጠሩ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፣ ሰዎቹም በግዴታ ፈረቃ ከመድከም ይድናሉ።

ይህን የምጽፈው ሠራተኞቹ በዛ ተከፈላቸው ለማለት አይደለም። ብዙዎቹ በሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም በፌዴራል መንግሥቱ የጡረታ ዋስትና፣ አይታቀፉም፤ የእርጅና ዋስትናቸው ይኸው ጡረታ ነው። በ2011 የከሰረችው የሮድ አይላንዷ ሴንትራል ፎልስ የአንዳንድ ጡረተኞቿን ክፍያ እስከ 55 ከመቶ ቀንሳለች። በ2008 የከሰረችው የካሊፎርኒያዋ ቫሌሆ በበኩሏ ጡረታውን ሳትነካ ጣቢያዎችን ዘጋች። ከተማው ሊከፍል የማይችለውን ውል ያስፈረመ ማኅበርም አባሎቹን አልጠቀመም።

መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። ድርድሩ ሳይጀመር የፋይናንስ ክፍሉ የ1 ከመቶ ጭማሪ ሙሉ ዋጋን ያውጣ፤ ከደመወዙ ጋር አብረው የሚነሱትን የትርፍ ሰዓት፣ የጡረታና የበዓል ክፍያዎች ይጨምርበት። ለፖሊስ የተሰጠ ለእነዚህም ይሰጥ የሚል አንቀጽ ካለ የሁለቱም ዋጋ አብሮ ይቅረብ። የካሊፎርኒያ ሕግ የጡረታ ጥቅም ጭማሪ ከመጽደቁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ወጪው በአክቹዋሪ (የጡረታና የመድን ዕዳ በሚያሰላ ባለሙያ) ተሰልቶ ለሕዝብ እንዲገለጽ ያዝዛል። ያው ደንብ ለፈቃድ፣ ለሰው ብዛትና ለአበል አንቀጾችም ቢሠራ የምክር ቤት አባላት ውሉን በድምፅ መስጫው ዋዜማ ለማንበብ አይገደዱም ነበር።

አድማ በተከለከለባቸው ግዛቶች ደግሞ ይህ ሥራ ቀድሞ ማለቅ አለበት። ሚሺጋን በ1969 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ድርድር ሳይሳካ ወደ ግልግል ሲሄድ ገላጋዮቹ በእያንዳንዱ የገንዘብ ጉዳይ ላይ ከሁለቱ ወገኖች የመጨረሻ ሐሳብ አንዱን ይመርጣሉ እንጂ መሀሉን አይከፍሉም። ተሰልቶ ያልቀረበ የመጨረሻ ሐሳብ እዚያ ከደረሰ በኋላ አይታረምም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአካባቢ መንግሥት በጀት ባለሙያ