የፖሊስ ግድያን ከአገር አገር ስታነጻጽሩ ታህቱም ይጻፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«የአሜሪካ ፖሊስ በዓመት ከ1,000 በላይ ሰው ሲገድል የእንግሊዝ ፖሊስ የሚገድለው ሁለት ሦስት ብቻ ነው» የሚል ዜና በውጭ ዜና ገጾች ላይ በየጊዜው ይወጣል። ቁጥሮቹ ውሸት አይደሉም። ሆኖም የቆጠሯቸው አካላት የተለያዩ ናቸው፤ የቆጠሩበት ደንብም ይለያያል፤ የቆጠሩት ነገርም ሙሉ በሙሉ አንድ አይደለም። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም። ምን ያህል ሰፊ እንደሆነና ከምን እንደመጣ ግን ቁጥሩ ብቻውን አይነግረንም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከላዕሉ፣ ማለትም ከሟቾቹ ቁጥር እንጀምር። ዘጋቢዎች አዘውትረው የሚጠቅሱት የዋሽንግተን ፖስት መዝገብ ከ2015 እስከ 2024 ድረስ የያዘው ፖሊስ ተኩሶ የገደላቸውን ብቻ ነው። በ2020 ሚኒያፖሊስ ውስጥ የሞተው ጆርጅ ፍሎይድ እዚያ ውስጥ የለም፤ አንገቱ በፖሊስ ጉልበት ተጭኖ እንጂ በጥይት አልሞተምና። «ማፒንግ ፖሊስ ቫዮለንስ» የተባለው ሌላ መዝገብ በጥይትም ሆነ በሌላ መንገድ በፖሊስ እጅ የሞተውን ሁሉ ስለሚይዝ ቁጥሩ ከፍ ይላል። በእንግሊዝና ዌልስ ደግሞ ፖሊስን የሚመረምረው ነጻ ጽሕፈት ቤት ከኤፕሪል እስከ ማርች ባለው ዓመት የደረሱትን ሞቶች በአምስት ከፍሎ ያወጣል፦ በተኩስ፣ ፖሊስ ባለበት የትራፊክ አደጋ፣ በቁጥጥር ሥር ወይም ከዚያ ተከትሎ የደረሰ ሞት፣ ከተለቀቁ በኋላ ራሳቸውን እንዳጠፉ የሚታመኑ ሰዎች፣ እንዲሁም ከፖሊስ ጋር ከተገናኙ በኋላ የደረሱ ሌሎች ሞቶች። «ሁለት ሦስት» የሚባለው የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ነው። የትራፊኩም ሆነ የቁጥጥር ሥር ሞቱ ከተኩሱ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ከአሜሪካ ሁሉንም ዓይነት ሞት፣ ከእንግሊዝ የተኩሱን ብቻ አንስቶ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጸሐፊ ገና ከመጀመሪያው መስመር አዛብቷል።

የብራዚል ቁጥር ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለ ፖሊስ የገደለውንም ይጨምራል። የደቡብ አፍሪካው ነጻ መርማሪ ተቋም «በፖሊስ እርምጃ የሞቱ» እና «በፖሊስ ጥበቃ ሥር የሞቱ» ብሎ በሁለት ይመዘግባል፤ አንዱ ጸሐፊ ይደምራቸዋል፣ ሌላው አይደምራቸውም። በፊሊፒንስ የአደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ ወቅት መንግሥት ያመነው ከ6,000 የሚበልጥ ቁጥር በፖሊስ ኦፕሬሽን ላይ የተገደሉትን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ ማንነታቸው ባልታወቀ ታጣቂዎች የተገደሉት «በመጣራት ላይ ያሉ» በሚል ሌላ ሣጥን ውስጥ ገቡ።

ሁለተኛው ጥያቄ ቁጥሩን ማን ጻፈው የሚለው ነው። በአሜሪካ 18,000 ገደማ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ኤፍቢአይ በ2019 የጀመረው የኃይል አጠቃቀም መዝገብ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ያልፈለገ አይልክም። የጤና መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ደግሞ መነሻው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ክፍተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ዝርዝር ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ወይም ኮሮነር (የሞትን መንስኤ የሚያጣራ ባለሥልጣን) በወረቀቱ ላይ የሞቱን ምክንያት «በደረት ላይ የጥይት ቁስል»፣ የአሟሟቱን ሁኔታ ደግሞ «በሰው የተፈጸመ ግድያ» ብሎ ይሞላል። ጉዳቱ እንዴት እንደደረሰ በሚገለጽበት መስመር ላይ «ፖሊስ» የሚለው ቃል ከሌለ፣ ወረቀቱን ወደ ኮድ የሚለውጠው ሠራተኛ ከፊቱ ያለው ተራ የጦር መሣሪያ ጥቃት ነው። ለሕግ አስከባሪ እርምጃ የተመደበ የራሱ ኮድ ቢኖርም ባልተጻፈ ነገር ላይ አይሰጥም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት በ2021 ያወጣው ጥናት ከ1980 እስከ 2018 በፖሊስ ኃይል ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ መንግሥታዊ መዝገብ ውስጥ በፖሊስ እንደሞቱ ሆነው እንዳልተመዘገቡ አሳይቷል። በካሊፎርኒያ አብዛኞቹ ካውንቲዎች ሸሪፉ (የካውንቲው የፖሊስ አዛዥ) እና ኮሮነሩ አንድ ቢሮ መሆናቸውንም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ጋዜጦች ራሳቸው አንዳንዴ የዚህ ክፍተት አካል ናቸው። የሚኒያፖሊስ ፖሊስ ስለ ፍሎይድ ሞት ያወጣው የመጀመሪያ መግለጫ ርእሱ «ከፖሊስ ጋር በነበረ ግንኙነት ወቅት በሕክምና ችግር ሰው ሞተ» የሚል ይዘት ነበረው። የመንገደኛ ቪዲዮ ባይኖር ኖሮ ዜናው እንደዚያው ሊቀር ይችል ነበር።

አሁን ወደ ታህቱ፣ ማለትም የሟቾቹ ቁጥር ወደሚካፈልበት ቁጥር እንምጣ። ለአሜሪካ በዓመት 1,100 ሟችና 335 ሚሊዮን ሕዝብ ብንወስድ በአንድ ሚሊዮን ሕዝብ 3.3 ይደርሳል። የእንግሊዝና ዌልስ 2.5 ለ60 ሚሊዮን ሲካፈል 0.04 ነው። ጀርመን በተለመደው ዓመት 10 ገደማ ለ84 ሚሊዮን፣ ማለትም 0.12። ብራዚል በ2023 6,393 ለ203 ሚሊዮን፣ ማለትም 31.5። በዚህ ስሌት አሜሪካ እንግሊዝን በ80 እጥፍ፣ ብራዚል አሜሪካን ወደ 10 እጥፍ በሚጠጋ ትበልጣለች።

ታህቱን ከሕዝብ ቁጥር ወደ ግድያ ቁጥር ብንቀይረው ግን ሥዕሉ ይለወጣል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት 20,000 ገደማ ሰው በነፍስ ግድያ ይሞታል፤ ፖሊስ የሚገድለው የዚህን 5.5 በመቶ ያህላል። በእንግሊዝና ዌልስ 600 ገደማ የግድያ ሰለባ ባለበት 2.5 ሰው ከግማሽ በመቶ በታች ነው። የ80 እጥፉ ልዩነት ወደ 13 እጥፍ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ብራዚል በ2023 ከመዘገበቻቸው 46,328 የኃይል ሞቶች ውስጥ ፖሊስ የገደላቸው 13.8 በመቶ ናቸው፤ ከአሜሪካ የምትበልጠው በሁለት ተኩል እጥፍ ሆነ። የትኛው ታህት ትክክል ነው? እንደ ጥያቄው ነው። አንድ ዜጋ በፖሊስ እጅ የመሞት ዕድሉ ስንት ነው ካልን የሕዝብ ብዛት ይበቃል። ፖሊሱ ከሚሠራበት አካባቢ አደገኛነት ጋር ሲተያይ ከልክ በላይ ይተኩሳል ወይ ካልን ሁለተኛው ይሻላል። አንዳንዶች በእስር ብዛት ያካፍላሉ፤ ይህን በጥንቃቄ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱም ፖሊስ ያለ አግባብ ብዙ ሰው የሚያስር ከሆነ ታህቱ ስለሚያብጥ ምጣኔው ሲታይ የተሻለ ይመስላል።

ቁጥሩ ትንሽ በሆነባቸው አገሮች ሌላ ወጥመድ አለ። በእንግሊዝና ዌልስ በ2016/17 6 ሰው በፖሊስ ጥይት ሞተ፤ በ2020/21 1፤ በቀጣዩ ዓመት 2። «በእጥፍ ጨመረ» ብሎ ርእስ መስጠት ይቻላል፤ ትርጉም ግን የለውም። በአንድ ዓመት 3 ሰው ከተገደለ እውነተኛው የረጅም ጊዜ አማካይ፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት፣ ከ0.6 እስከ 8.8 መካከል የትም ሊሆን ይችላል። 10 ከሆነ ከ4.8 እስከ 18.4 ነው። 1,100 ከሆነ ግን ከ1,036 እስከ 1,167፤ ለዚህ ነው የአሜሪካ ቁጥር ከዓመት ዓመት ብዙም የማይዋዥቀው። ስለዚህ ለትንንሽ ቁጥሮች የአምስት ወይም የአሥር ዓመት አማካይ ይወሰድ። በተቃራኒው ጀርመን በ2024 22 ሰው መድረሷ ቁም ነገር ያለው ዜና ነበር፤ አማካዩ 10 በሆነበት 22 በአጋጣሚ የሚመጣበት ዕድል ከሺህ አንድ አይሞላም። ጀርመንን ካነሳን ዘንዳ፦ ፖሊስ መሣሪያ የሚተኩስባቸው አጋጣሚዎች በዓመት ከ10,000 ያልፋሉ ተብሎ የሚወጣውም እውነት ነው፤ እጅግ አብዛኛው ግን መኪና የገጨውን የዱር እንስሳ ከሥቃይ ለመገላገል የተተኮሰ ነው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የተለመደው መልስ በሕዝብ እጅ ያለው የጦር መሣሪያ ነው። ስሞል አርምስ ሰርቬይ የተባለው የጦር መሣሪያ ጥናት ተቋም ግምት ለ100 አሜሪካውያን 120 መሣሪያ፣ ለጀርመን 20 ገደማ፣ ለኖርዌይ ወደ 29፣ ለእንግሊዝና ዌልስ ከ5 በታች ነው። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ተኩሶ ከገደላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሣሪያ ይዘው ነበር፤ ስለዚህ ምክንያቱ ከባድ ነው። ነገር ግን ብዙ መሣሪያ ያለባት ኖርዌይ ውስጥ የፖሊስ ተኩስ ብርቅ ነው፤ ለ100 ሰው 8 ገደማ ብቻ ያላት ብራዚል ደግሞ ከሁሉም ትበልጣለች። መሣሪያ ብቻውን አያስረዳም።

የበለጠ የሚያስተምረው ስለት የያዘ ሰው ሲገጥም የሚደረገው ነው። አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ ከተተኮሱት ሟቾች ከስድስቱ አንዱ ገደማ የያዘው ቢላዋ ነበር። በ1983 አንድ የአሜሪካ ፖሊስ አሠልጣኝ ባደረገው ልምምድ ቢላዋ የያዘ ሰው 6.4 ሜትር ያህል ለመሮጥ 1.5 ሰከንድ እንደሚበቃው፣ ፖሊስም ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስ ያንኑ ያህል ጊዜ እንደሚወስድበት ታየ። መልእክቱ «ራቁ፣ መከለያ ፈልጉ» የሚል ሊሆን ሲገባው፣ በብዙ ማሠልጠኛዎች «ከዚህ ርቀት በታች ከቀረበ ተኩሱ» ወደሚል ደንብ ተለወጠ። 98 በመቶ የሚሆነው ፖሊስ ያለ ሽጉጥ በሚሠራባት ስኮትላንድ ግን ሥልጠናው ወደ ኋላ ማፈግፈግን፣ በመካከል መኪና ወይም ሌላ ግርዶሽ ማድረግን፣ አንድ ሰው ብቻ እንዲያናግረው ማድረግን፣ ጋሻና የሚያቃጥል ርጭት መጠቀምን፣ ከሁሉም በላይ አለመቸኮልን ያስተምራል። ብልሽቱ የሚጀምረው ፖሊሱ ራሱ ሮጦ ርቀቱን ሲያጠበው ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ሰከንድ ለተኩስ እንጂ ለሌላ ነገር አይበቃም። የሥልጠናው ርዝመትም ይለያያል፦ የአሜሪካ መሠረታዊ ኮርስ በአማካይ ከ800 ሰዓት ትንሽ በላይ ሲሆን በኖርዌይ ሦስት ዓመት፣ በጀርመን ሁለት ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ነው።

ሕጉም ይህንኑ ይከተላል። በ1990 በሃቫና የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት መርህ ሆን ብሎ ለመግደል መተኮስ የሚፈቀደው ሕይወትን ለማዳን ፈጽሞ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው ይላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 ለሌላው አደገኛ ያልሆነን ሸሽቶ የሚያመልጥ ተጠርጣሪ መተኮስን ከለከለ፤ በ1989 ደግሞ መለኪያው «በቦታው የነበረ ምክንያታዊ ፖሊስ ምን ያደርግ ነበር» የሚለው እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በርካታ የሥር ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ጥይቱ የወጣበትን ቅጽበት ብቻ ሆኖ ቆይቷል፤ ፖሊሱ ራሱን እዚያ አደጋ ውስጥ እንዴት እንዳስገባ አይጠየቅም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አካሄድ በሙሉ ድምፅ የሻረው ገና በ2025 ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን ብሪታኒያውያን ወታደሮች በጅብራልታር ሦስት የአይአርኤ (የአየርላንድ ታጣቂ ቡድን) አባላትን በገደሉበት ጉዳይ፣ በ1995፣ በ10 ለ9 ድምፅ ጥፋቱን ያገኘው በተኳሾቹ ላይ ሳይሆን በዘመቻው ዕቅድና አመራር ላይ ነበር። የሠላሳ ዓመት ልዩነት ነው።

አንድ ዜና ላይ «በተኩስ ልውውጥ ተገደሉ» የሚል የፖሊስ መግለጫ ሲመጣ ለመፈተሽ ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ በፖሊስ የተገደሉ፣ በፖሊስ የቆሰሉ፣ የተገደሉ ፖሊሶች። በእውነተኛ የተኩስ ልውውጥ ቁስለኛው ከሟቹ ይበዛል፤ ሟቹ ከቁስለኛው ከበለጠ እጅ የሰጠ ወይም የወደቀ ሰው ተገድሎ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በ2021 የብራዚሏ ሪዮ ከተማ ጃካሬዚኞ ሰፈር ውስጥ በአንድ ቀን 28 ሰው ሲሞት ከመካከላቸው ፖሊስ አንድ ነበር። አሜሪካም በአጠቃላይ ሲታይ ለእያንዳንዱ በወንጀለኛ እጅ ለሚገደል ፖሊስ ወደ 20 የሚጠጋ ሰው በፖሊስ ይሞታል። ይህ ምጣኔ እንደ እንግሊዝ የተገደለ ፖሊስ ዜሮ ወይም አንድ በሆነበት አገር አይሠራም፤ እዚያ አይሞከር። የሕክምና ጥራትም ይገባበታል፦ አንዱ ከተማ ውስጥ ቆስሎ የሚድን ሰው አምቡላንስ በሌለበት ይሞታል፤ ስለዚህ የተተኮሰባቸው ሰዎች ብዛት ከሟቾቹ ብዛት የበለጠ ስለ ፖሊሱ ይናገራል። አሜሪካ ደግሞ ለቆሰሉት የተሟላ አገር አቀፍ ቆጠራ የላትም።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው ቀላል ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ስታትሙ ከቁጥሩ ጎን ቆጣሪው ማን እንደሆነ፣ ተኩስ ብቻ ወይስ ሁሉም ሞት እንደተቆጠረ፣ ጊዜው ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ፣ ታህቱም ምን እንደሆነ ጻፉ። እንደ 2012ቱ የደቡብ አፍሪካው የማሪካና ግድያ በአንድ ቀን 34 የማዕድን ሠራተኞች የሞቱበት ዓይነት ክስተት በዓመቱ ድምር ውስጥ ካለ በግርጌ ለይታችሁ አሳዩት። አራት ዓምድና አንድ የግርጌ መስመር ነው፤ ከርእሱ መጠን ትንሽ ቢቀነስ ቦታው ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ