ቀለሁን ከአንገቱ ጀምረህ እየው

ውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ማርቆስ ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠግጓል። ይህን ያህል መጠፋፋታችን ይከነክነኝ ነበር። መልእክትህ ሲደርሰኝ ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት።

ለካ አሜሪካ ኢላማ ተኩስ ገብተህ ቀለህ በእጅህ መሙላት ጀምረሃል! አያትህ ምኒሽራቸውን ሲወለውሉ አጠገባቸው እንቀመጥ አልነበር? አንዲት ጥይት በከንቱ ስትባክን አይወዱም ነበር።

«አራቱ ተጠጋግተው ያርፋሉ፣ አምስተኛዋ ትሸሻለች፤ አረሩን ቀለሁ ውስጥ የሚያስገባውን የብረት መሣሪያ፣ ዳዩን፣ ልቀይር ነው» ብለሃል። እባክህ ገንዘብህን አታውጣ። እኔ ቶርኖ ላይ ውዬ የማመሽ ሰው ነኝ፤ በዚህ ነገር ዝም ማለት አልችልም። የመጥረቢያው ቀዳዳ ጠማማ ከሆነ ዛቢያው ቀጥ ብሎ አይገባም። አረሩም የቀለሁን አንገት፣ ማለት እሱን የሚይዘውን ጠባብ አፍ፣ አቅጣጫ ተከትሎ ነው የሚገባው። ጠማማ አንገትን የትኛውም አረር ማስገቢያ አያቃናውም።

መጀመሪያ ዳያል ጌጅ፣ ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳየውን መለኪያ፣ ግዛ። ቀለሁን ሁለት ቦታ አስደግፈህ የጌጁን ጫፍ አንገቱ ላይ አሳርፈውና በጣትህ ቀስ እያልክ አዙረው። ጠማማ ከሆነ መርፌው ወዲያና ወዲህ ይላል። ሦስት ጊዜ ለካ፦ እንደተተኮሰ፣ በማጥበቢያው ዳይ ካጠበብከው በኋላ፣ አረሩ ከገባ በኋላ። የተተኮሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለ ነው፤ ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል ራሱ ቀርጾታልና። ስታጠበው ከተጣመመ፣ በማጥበቢያው ዳይ ውስጥ ያለችውን፣ አንገቱን ልክ ለማድረግ በውስጡ ተጎትታ የምትወጣዋን ኳስ ጠርጥር። አንገቱ ደረቅ ሲሆን ይዛው ወደ ጎን ትስበዋለች። ውስጡን ትንሽ ግራፋይት ቀባው። እምቢ ካለ ኳሷን አውጣና በማንድረል፣ በልክ በተሠራ ለስላሳ የብረት ዘንግ፣ ክፈተው። እስከዚያ ቀጥ ብሎ ቆይቶ አረሩ ሲገባ ከተጣመመ ግን፣ ያኔ አረር ማስገቢያውን ዳይ ውቀስ።

የአንገቱን ውፍረትም እይ። በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ከሳሳ አረሩ መሃል ላይ አይቀመጥም። አንገት ከውጭ የሚላጠው ለዚህ ነው። ያንተ ጠመንጃ የፋብሪካ ስለሆነ ከፍ ከፍ ያለውን ብቻ ንካ፤ አብዝተህ ከላጥከው አንገቱ ክፍሉ ውስጥ ይላላል። የአፉንም ጠርዝ ከውስጥ ሞረድ አድርገው፣ አረሩን እንዳይፍቀው።

መርፌው ከ0.003 ኢንች በታች ከሄደ፣ በእኛ ልኬት 0.08 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በቃ ተወው። ከዚያ በታች ለማውረድ እንቅልፍ አትጣ፤ ሄደህ ተኩስበት።

አንድ ነገር አደራ። የቀለሁ ነሐስ በተተኮሰና በተጠበበ ቁጥር ይደድራል። ስለዚህ አንገቱን በእሳት ያለሰልሱታል። አንተም ካለሰለስከው እሳቱ ከአንገቱና ከሥሩ ካለው ዘቅዛቃ ትከሻ አይውረድ። የባሩዱን ግፊት የሚችለው የታችኛው ክፍል ነው፤ እሱ ከለሰለሰ ለዓይንህም ለሕይወትህም ያሰጋል። ልጆች አሉህ።

ለክተህ ሦስቱንም ቁጥር ላክልኝ፤ አብረን እናያቸዋለን። እናትህን ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ብቅ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ደህና ናቸው። ለእሳቸውም ደውልላቸው።

ወንድምህ፣ ከደብረ ማርቆስ