ደንባራ ፈረስ በድካም አይገራም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ኅዳር ሲገባ የፈረስ ገበያ ይሞቃል። ጥር 11 ለጥምቀት ጉግስ፣ ጥር 23 ደግሞ እዚህ አዊ ውስጥ ለሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የሚደርስ ፈረስ ፈላጊው ብዙ ነው። በጥድፊያው መካከል ለገበያ የሚቀርበው ግን ሁሉም የተገራ አይደለም። ከጋሪ የወጣ፣ ባጃጅ የገጨው፣ ፊቱን በአለንጋ የተመታ፣ ሰው ሲያይ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ ጥግ የሚይዝ ፈረስ በርካሽ ይገኛል። ገዢው ዋጋውን አይቶ ይወስደዋል። ቤት ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ምክር ይለግሰዋል፦ «የታረሰ መሬት ውስጥ አግብተህ እስኪዝል አስሩጠው፣ ማታ ገብሱን ከልክለው፣ በሦስት ቀን በግ ይሆንልሃል።»

ምክሩ የሚሠራ ስለሚመስል ነው ዕድሜው የረዘመው። የዛለ ፈረስ በእርግጥ ይቆማል። የቆመው ግን መሸሽ ስላቃተው እንጂ ፍርሃቱ ስለለቀቀው አይደለም። በልቶና አርፎ ባደረ ማግስት ያው ደንባራ ነው፤ እንዲያውም አሁን ሰው ገመድ ይዞ ሲመጣ ምን እንደሚከተል አውቋል። ከዚህ የሚብሰው ተስፋ የቆረጠው ነው። አይሸሽም፣ አይራገጥም፣ ዓይኑ ፈዞ እንደ ግንድ ይቆማል፤ ባለቤቱም «ተገራልኝ» ይላል። ይህ ፈረስ ማስጠንቀቂያ መስጠት ትቷል ማለት ነው። ከበሮና እልልታ ባለበት አደባባይ መሀል ድንገት ሲፈነዳ ጆሮውን እንኳ አያቆምም።

ረሃቡም ጥቅም የለውም። የፈረስ ጨጓራ በላም አልበላም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም፤ የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ሲነጭ እንዲውል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሆዱን ያደረ ፈረስ ጨጓራው ይቆስላል፣ ጠዋት የሆድ ጠፍር ሲጠብቅበት ዞሮ ይናከሳል፤ እኛም «ክፉ ነው» እንላለን።

እንግዲህ ከመግራት በፊት የሚቀድመው ሕመም መፈለግ ነው። አስቸጋሪ ከሚባሉት ፈረሶች ብዙዎቹ የሚያማቸው ነገር አለ። አፍ ይታይ፦ ታችኛው መንጋጋ ዙሪያ ቀለበት የሚጠልቅለት የአገራችን ልጓም ዛቡ በትንሹ ሲሳብ እንኳ ላንቃና አገጭ አንድ ላይ ይጨምቃል፤ በግዴለሽ እጅ የተያዘ ፈረስ ጥርስ የሌለበት ክፍተት ላይ ቁስል ወይም የጠጠረ ጠባሳ አይታጣበትም። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ የውጭ ጠርዙ ሲሾል ጉንጭን፣ የታችኛው የውስጥ ጠርዙ ሲሾል ምላስን ይቆርጣል። ሲያኝክ ያላመጠውን ሣር እየጠቀለለ የሚተፋ ፈረስ ጥርሱን በሐኪም ማስሞረድ ያስፈልገዋል። ጀርባ ይታይ፦ ጋማው ከሚያልቅበት ጀምሮ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ አራት ጣት ርቆ በጣቶች ለስለስ አድርጎ መጫን፤ ጀርባውን ዝቅ ካደረገ፣ ቆዳው ከተንቀጠቀጠ ወይም ጅራቱን ከወነጨፈ እዚያ ቦታ ኮርቻ አይጫንም። ኮርቻ በቆየበት ቦታ የበቀለ ነጭ ጠጉር የድሮ ቁስል ምልክት ነው። ሰኮናውም ዓይኑም አይዘለል። በአንድ ወገን ብቻ የሚደነብር ፈረስ በዚያ በኩል ያለው ዓይኑ ላያይ ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ትዕግሥት ብቻውን መድኃኒት አይሆንም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ። ጨዋ የነበረ ፈረስ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው ወይም የኋላ እግሩ ከተንገዳገደ ማንም እጁን አፉ ውስጥ አይክተት። የእብድ ውሻ በሽታ ፈረስንም ይይዛል። ከሌላው ለይቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው።

ሕመም ከሌለ ወይም ከታከመ በኋላ ቦታ ይዘጋጃል። ርዝመትና ስፋቱ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ እርምጃ የሆነ፣ አጥሩ የማይዋጋ፣ ፈረሱ የሚሸሽበት ግን የማይጠፋበት ግቢ። ጠባብ ጋጥ አይሆንም፤ መውጫ ያጣ ፈረስ ምርጫው እርግጫ ብቻ ነው። በአጠገቡ የሚያየው ሌላ ፈረስ ቢኖር ይመረጣል፤ ከጠፋም አህያ ወይም በግ። ብቻውን አዲስ ቦታ የገባ ፈረስ ዘብ የሚቆምለት ስለሌለ አይተኛም። ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል እንጂ ድብን ብሎ ለመተኛት መጋደም አለበት። ሳምንት ሙሉ ሳይጋደም የከረመ ፈረስ የሚደነብረው በድካም ጭምር ነው። ድርቆሹና ውሃው ሳይቋረጥ ይቀመጥለት። ገብሱን ግን ቀነስ ማድረግ፤ ሥራ ለሌለው ፈረስ የገብስ ብዛት ጉልበቱን ያግለዋል፣ ሰኮናውንም ያሳምመዋል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ሥራ አይመስልም። አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ ያው ሰው፣ ጠዋትና ማታ ለሩብ ሰዓት ያህል ይገባል። ጋቢውን ውጭ ያኖራል፤ ነፋስ የሚያርገበግበው ጨርቅ ለደንባራ አለንጋ ነው። ፈረስ ዓይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን ያያል ለማለት ይቻላል፤ የማያየው ከግንባሩ ፊት ለፊት ትንሽ ቦታና ከጅራቱ ቀጥታ ኋላ ነው። ስለዚህ አቀራረቡ ወደ ትከሻው፣ በሰያፍ፣ ዓይኑን ሳያፈጡ ነው። ቀጥ ብሎ ወደ ግንባሩ መሄድ የአዳኝ አካሄድ ነው።

ቁልፉ ያለው ከዚህ በኋላ ባለው ቅጽበት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ነው። ሰውየው ይራመዳል። በሆነ ርቀት ላይ፣ አሥር እርምጃ ሊሆን ይችላል፣ ፈረሱ ሣሩን ማኘኩን ያቆማል። አንዱ ጆሮው ይዞራል። አንገቱ ከፍ፣ የታችኛው ከንፈሩ ጭምት ይላል፤ እግሩ ግን ገና አልተነቃነቀም። የመቆሚያው ሰዓት ያ ነው። ሰውየው ይቆማል፣ ይተነፍሳል፣ የፈረሱ ጆሮ ላላ እስኪል ይጠብቃል፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ሦስት እርምጃ ይመለሳል። ፈረሱ የሚማረው ሰው ሲመጣ ሳይሆን ሰው ሲመለስ ነው። ጸጥ ብዬ ስቆም ይሄድልኛል የሚለውን ይይዛል። ከሸሸ በኋላ ሰውየው ቢመለስ ግን የተማረው ሌላ ነው፦ ስሸሽ ይተወኛል። በአንድ እርምጃ መዘግየት ብቻ ሁለቱ ትምህርቶች ይገለባበጣሉ።

ልቡ መመለሱን የሚናገር ምልክት አለ። አንገቱ ከጀርባው መስመር ዝቅ ይላል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል ይከፍታል፣ አንድ የኋላ እግሩን ያሳርፋል። ምልክቱ ካልታየ ጎኑ ላይ ትንፋሹን መቁጠር ይረዳል። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ሳይሮጥ፣ ቀኑም ሳይሞቅ 30 ከደረሰ ለዚያ ቀን በቃ፤ ወጥቶ በሩን መዝጋት ነው።

ለመንካት የሚፈቅድበት ቀን ሲመጣ እጅ ወደ ፊቱ አይሄድም። የእጅ ጀርባ በትከሻው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወደ ላይ፣ ጋማው ወደሚያልቅበት። ፈረሶች እርስ በርስ በጥርስ የሚተካከኩት እዚያ ነው፤ እዚያ ሲታከክ የልብ ምቱ ዝግ ይላል። ማከክ እንጂ መምታት አይደለም፤ «አይዞህ» ብለን ጠብ ጠብ የምናደርገው ለእኛ ፍቅር፣ ለእርሱ ጥፊ ነው። ሦስት ጊዜ አክኮ እጅን ማንሳት፣ እርሱ ሳይሸሽ። በግራ የለመደውን በቀኝ እንደ አዲስ ይደነብርበታልና ሁሉም ነገር በሁለቱም ወገን ይደገም። አገሩ ሁሉ በግራ ስለሚጭንና በግራ ስለሚወጣ የቀኝ ጎኑን ሰው ነክቶት የማያውቅ ፈረስ ብዙ ነው። አንድ እፍኝ ገብስ መስጠት ካስፈለገ በሳፋ መሬት ላይ ይቀመጥ፤ በእጅ የተመገበ ፈሪ ቶሎ ደፍሮ ነካሽ ይሆናል።

ገመድ የሚመጣው ከዚህ ወዲያ ነው። አራት ሜትር ያህል፣ ወፈር ያለ ለስላሳ የጥጥ ገመድ፤ ናይለን እጅንም ቆዳንም ይልጣል። መጀመሪያ ተጠቅልሎ እንደ እጅ ይታከክበታል፣ ቀጥሎ በጀርባው ላይ ይተላለፋል፣ ልባቡ (አፍ ውስጥ የሚገባ ብረት የሌለው የራስ ማሰሪያ) ራሱ ላይ የሚገባው በመጨረሻ ነው፤ ልባቡም ሰፊ ጠፍር ይሁን። ሲመራ ገመዱ በሁለት ጣት ክብደት ይሳባል። ፈረሱ ግማሽ እርምጃ እንኳ ወደ ፊት ካለ፣ ክብደቱን ብቻ እንኳ ካዛወረ፣ ገመዱ ወዲያው ይለቀቃል። ካልመጣ ጉልበት መጨመር የለም፤ ወደ ጎን ዞር ብሎ ከሰያፍ መሳብ እንጂ። ገመድ በእጅ ላይ መጠቅለል ጣት ያስቆርጣል። ግንድ ላይ በጽኑ ማሰርም እንደዚያው ነው፦ የታሰረ ደንባራ ሲደነግጥ ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ማሰሪያው ከጆሮው ጀርባ ሲጫነው ይብስበታል፣ ይወድቃል፣ አንገቱን የሰበረም አለ። ግንዱ ላይ የሲባጎ ቀለበት ይታሰርና ፈረሱ በሲባጎው ላይ ይታሰር። ሲባጎ ቢበጠስ ኪሳራው አንድ ክንድ ሲባጎ ነው።

ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ግላሱ፣ ማለትም የኮርቻው ልብስ፣ ብቻውን ሁለት ሦስት ቀን ይለበስ፣ ይውለቅ፣ ይለበስ። የሆድ ጠፍሩ መጀመሪያ ልብሱን ብቻ እንዲይዝ ላላ ተደርጎ፣ ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ አንድ ቀዳዳ፣ ዞሮ ሲመጣ ሌላ። በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው የሚያጠብቅ ሰው የሚራገጥ ፈረስ በገዛ እጁ ይሠራል። እርካቡ ሆዱን እየመታ እንዳያስደነግጠው ወደ ላይ ይታሰር። በልጓሙም አይቸኮል፤ በልባብ ብቻ መቆም፣ መዞርና ወደ ኋላ ማለት የቻለ ፈረስ ልጓሙ ሲገባለት የሚያስጨንቀው አይኖርም።

የመንገድ ፍርሃት የራሱ ዘዴ አለው። ፈረስ ከኋላው የሚመጣበትን ነገር ይፈራል፣ እርሱ ራሱ ከኋላ የሚከተለውን ነገር ግን ይደፍራል። ባጃጅ የሚፈራን ፈረስ ቆሞ ባጃጅ እንዲያልፍበት ከማድረግ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚሄድ ባጃጅን በሠላሳ አርባ እርምጃ ርቀት ከኋላ እንዲከተል ማድረግ ይሻላል፤ ባጃጁ «ሲሸሸው» ራሱ ይጠጋል። ባዶ ጋሪም እንዲሁ፤ ሰው እየጎተተ ከፊቱ ይሂድ፣ በሌላ ቀን ከጎኑ፣ ከኋላው መምጣት ያለበት በመጨረሻ ነው። ለከበሮ፣ ለጥሩምባና ለድምፅ ማጉያ መነሻው ሩቅ ነው፦ ጆሮውን ቀስሮ ሣሩን መንጨት ከማያቆምበት ቦታ ተጀምሮ በየቀኑ ጥቂት እርምጃ መቅረብ። ያን ሁሉ በአንድ ቀን አደባባይ ወስዶ ማልመድ ለደንባራ በቅሎ ቃጭል መጨመር ነው።

ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ጥቂት የተደናገጠ ወጣት ፈረስ በስድስት ሳምንት ለሰው እጅ ይሆናል፤ ለአደባባይ ግን ገና ነው። የተደበደበ ጎልማሳ ፈረስ ስድስት ወርም ይፈልጋል፤ ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ሳይሆን የሚቀርም አለ። መንገዱ ቀጥ ብሎ አይሄድም። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ሲባል፣ እንደ መጀመሪያው ቀን ጥግ ይይዛል። ምክንያቱ ነፋስ ሊሆን ይችላል፣ ዘመድ ለእርዳታ ብሎ በዱላ ነክቶት ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁለት ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ እርሱ ከቻለበት መነሳት እንጂ «አበላሸኸኝ» ብሎ መቆጣት ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ ኅዳር ላይ የተገዛ ደንባራ ለዚህ ጥር አይደርስም። የሚደርሰው ለመጪው ዓመት ነው። በዓላቱን የሚያስተባብሩ ወገኖችም ሁለት ነገር ቢያደርጉ እንላለን፦ ከድምፅ ማጉያው ርቆ ፈረሶች ከመውጣታቸው በፊት የሚቆዩበት ጥላና ውሃ ያለው ቦታ ማዘጋጀት፣ አፉ የሚደማ ወይም ጀርባው የቆሰለ ፈረስ አደባባይ እንዳይገባ በር ላይ የሚያይ ሰው ማቆም።

ገበያ ለሚወጣ ሰው ደግሞ፦ ሻጩ ልጓሙን አውልቆ እንደገና እንዲያስገባ ይጠየቅ። እጅ ወደ ጆሮው ሲቀርብ ፈረሱ አንገቱን ወደ ሰማይ ከሰቀለ፣ ጥርሱን ከነከሰ፣ ወይም ሻጩ «ዛሬ ነው እንጂ» እያለ ሁለት ሰው ለእርዳታ ከጠራ፣ ዋጋው ላይ የስድስት ወር ድርቆሽና በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ጨምሮ ማስላት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ፈረስ ገሪዎች፣ ከእንጅባራ