ኔልስፕሩት ላይ ያላየኋት ጎል

ለወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ልጆቹስ? ትልቁ ይሄኔ ጢም ሳያበቅል አይቀርም። እኔ ተመስገን ነው፣ ያው እዚህ ጆሐንስበርግ፣ የሀበሻ ነጋዴ በሞላበት ጄፒ ጎዳና ላይ መጋረጃና ብርድ ልብስ እየሸጥኩ አለሁ። ዝምታዬን በጥጋብ እንዳትቆጥርብኝ። ስልኬን ቀሙኝ፣ ቁጥርህም አብሮ ሄደ፣ ከዚያ ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ነጎዱ። ሰሞኑን አንድ የሰፈራችን ልጅ ሱቄ ድረስ መጥቶ ቁጥርህን ሰጠኝ። "አሁንም ኳስ በተነሳ ቁጥር ያንን የኔልስፕሩቱን የዋልያዎቹን ጨዋታ ነገር ያነሳብሃል" ብሎም ነገረኝ።

በል እንግዲህ መልሴን ስማ። ያኔ ማታ ደውለህ "ሰው አገር በእንግድነት ሄዳችሁ ሜዳ ውስጥ ዕቃ ትወረውራላችሁ?" ብለህ ጮህክብኝ። ካርድህ አልቆ ተቋረጠ እንጂ የምለው ነበረኝ።

ታስታውስ እንደሆነ ያ የአፍሪካ ዋንጫ መጀመሪያ የተሰጠው ለሊቢያ ነበር። እዚያ ጦርነት ሲነሳ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞረ። ዋልያዎቹ ደግሞ ከ31 ዓመት በኋላ ያለፉት በዚያው ዙር ነው። ሱዳን ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ሲያሸንፈን ያበቃለት መስሎን ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ አዳነና ሳላዲን አግብተው 2 ለ 0 ሲያልቅ ጄፒ ላይ መኪና ማለፊያ አጣ። አገራችንን ጥለን መጣን ስንል አገራችን ተከትላን መጣች! ማልያ ከገበያ ጠፋ። ልብስ ሰፊዎቻችን ከጣቃው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እየቀደዱ ሌሊቱን ሙሉ ባንዲራ ሲሰፉ አደሩ።

ጥር 13 ቀን 2005 ሰኞ ነው የዋለው፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን። ከዛምቢያ ጋር የምንጫወተው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ከጆሐንስበርግ ኔልስፕሩት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መጀመሪያ የድንጋይ ከሰሉን አገር ታልፋለህ፣ ሜዳና ጭስ ብቻ። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርድና አየሩ ይሞቃል፣ ግራና ቀኙ ብርቱካን ይሆናል። ሚኒባሱ ውስጥ የነበረውን ጭፈራ ተወው፣ ድምፄ እዚያው መንገድ ላይ አለቀ።

አጠገቤ የተቀመጠው የሆሳዕና ልጅ ግን ዝም ብሎ ነበር የሚጓዘው። ሎኬሽን፣ ማለትም ከከተማ ዳር ያለ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ሱቅ አለው። የሎኬሽን ሱቅ ምን እንደሚመስል በስልክ ነግሬህ አልገባህም መሰለኝ፦ ብረት ፍርግርግ አለ፣ ዳቦውን በቀዳዳው ታወጣለህ፣ ገንዘቡን በቀዳዳው ትቀበላለህ፣ ማታም እዚያው ከዕቃው መሃል ትተኛለህ። በ2008፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ በመጤዎች ላይ በተነሳው ጥቃት ከ60 በላይ ሰው ሲገደል ይሄ ልጅ እዚሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስልክ ሲያወራ እንኳ አፉን በእጁ ሸፍኖ ነው። የዚያን ቀን ሱቁን ቆልፎ መጣ። የአንድ ቀን ሽያጭ ማለት ለሱ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ስታዲየሙ ምቦምቤላ ይባላል፤ ለዓለም ዋንጫው ነው የሠሩት። ጣሪያውን የተሸከሙት 18 ቀጭኔዎች ናቸው፣ የብረት። ወንበሮቹ ደግሞ የሜዳ አህያ ቆዳ ዓይነት ጥቁርና ነጭ ናቸው። ሳሩ ግን ተበልቶ አሸዋ አልብሰውታል፤ ለዚያ ሁሉ ቀጭኔ ያወጡትን ለሳሩ ቢያወጡ ምን ነበረበት? የዋንጫው ባለቤት የዛምቢያ ደጋፊ አንድ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። የቀረው እኛ ነን። ከየሎኬሽኑ፣ ከደርባን፣ ከየት ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሀበሻ በሺህ እየሆነ ገባ። አበሻ ባለበት ሁሉ "ቀስ በል፣ እዚህ አገር እንግዳ ነህ" የሚል አንድ ሰው አይጠፋም አይደል? የዚያን ቀን ያንን የሚል ጠፋ። የሆሳዕናው ልጅ ወንበሩ ላይ ቆሞ በሀዲይኛ ሲጮህ አየሁት። ምን እንደሚል አልገባኝም፣ እሱም የሚሰማው ሰው አልፈለገም።

ጨዋታውን አንተ በቴሌቪዥን ከኔ በተሻለ አይተኸዋል። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምቷን ሲመታ በረኛቸው ምዌኔ መለሰበት። ትንሽ ቆይቶ በረኛችን ጀማል እግሩን አንስቶ ቀይ ካርድ አየ። ያኔ ነው የሆነው። ቩቩዜላው፣ የውሃ ጠርሙሱ፣ እጅ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ ሜዳ ዘነበ፣ ጨዋታውም ቆመ። እኔ አልወረወርኩም፣ ከኋላዬ ግን ይበር ነበር። አንድ ሽማግሌ የጎረምሳውን እጅ አፈፍ አድርገው "ተው! ያባርሩናል!" አሉት። ከስታዲየሙ ይሁን ከአገሩ አልነገሩንም።

ያንተ ቁጣ ልክ ነበር፤ ተጫዋች ቢመታ ምን ይባል ነበር። ግን "በእንግድነት ሄዳችሁ" ያልከው አልዋጥ አለኝ። እንግድነቱን ለአንድ ከሰዓት የረሳነው እዚያ ብቻ ነው፣ ጭፈራውም ውርወራውም ከዚያው ነው የመጣው። አንዱን ተቀብለህ ሌላውን ልትጥል አትችልም እያልኩህ አይደለም፣ ጣለው። ከየት እንደመጣ ግን እወቀው።

ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ምቤሱማ አገባብን። በአሥር ሰው ያለቀልን መስሎኝ ተቀመጥኩ። 65ኛው ደቂቃ ላይ አዳነ ሲያገባ ደግሞ፣ ሳቅብኝ፣ አላየሁትም። ከፊቴ አንዱ ያንን የጄፒ ባንዲራ ዘርግቶት ዓይኔ ላይ አረንጓዴ ብቻ ነበር። ጎል መሆኑን ያወቅኩት የሆሳዕናው ልጅ ከነጫማው ትከሻዬ ላይ ሲወድቅ ነው። ያን ያህል መንገድ ሄጄ ጎሏን ከነጋታው በሰው ስልክ አየኋት።

1 ለ 1 አለቀ። ስንመለስ ሌሊት ነዳጅ ለመቅዳት ቆምን። ከመኪናው ከመውረዳችን በፊት ሁሉም ባንዲራውን እያጣጠፈ ከወንበር ሥር ከተተ። አጣጥፉ ያለን የለም።

ስለ ቡርኪና ፋሶው 4 ለ 0 አልጽፍልህም። ናይጄሪያንም ሩስተንበርግ ሄጄ አይቻለሁ፤ እስከ 80ኛው ደቂቃ ይዘናቸው ቪክተር ሞሰስ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት ሸኘን። ብቻ ከምድባችን ያለፉት ሁለቱ ለፍጻሜ ተገናኝተው ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች፣ ይሄን ለሚቀልዱብህ ሁሉ ንገር።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ዋልያዎቹ በሜዳቸው ሲባል ሰው አገር የሆነበት ጊዜ መጣ። ሜዳዎቻችን የካፍን መስፈርት አላሟሉም ተብለው በ2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። ከዚህ ሆኜ ስመለከት እጄን ነከስኩ፤ የጥገኝነት ወረቀቴ ከአገር አያስወጣም ነበር። አሁን ግን ተስተካክሎልኛል፣ ፓስፖርት ይዣለሁ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይሄ ነው። በፈረንጆቹ የ2027 የአፍሪካ ዋንጫ ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ ነው የተሰጠው። ናይሮቢ ላንተ በሞያሌ በኩል በመኪናም ይደረሳል፣ እኔ በአውሮፕላን እመጣለሁ። ብናልፍም ባናልፍም እንገናኝ፤ ካላለፍን አንዱን የጎረቤት አገር እንደግፋለን፣ ምን ቸገረን። ትልቁን ልጅ ይዘኸው ና፣ ትኬቱ በኔ ነው። ከሰፈር ማን ማን እንደሚነሳ ጠይቅና ጻፍልኝ፣ ማረፊያ ቀድሞ መያዝ ይሻላል። ለእናትህ ጉልበታቸውን ሳምልኝ። እሁድ ከቀትር በኋላ ሱቅ እዘጋለሁ፣ ያኔ ደውል።

ወንድምህ፣
ከጆሐንስበርግ