የክርክርና የጽሑፍ ክበብ፦ «አታሞግሰኝ፣ ተቃወመኝ»

ዓመቱን የጀመርነው በጥል ነው። ኅዳር ላይ ከሰበሰብኳቸው ሃያ ድርሰቶች ሰባቱ መግቢያቸው አንድ ነበር፤ ቻትጂፒቲ የሚባለው፣ ሲጠይቁት ጽፎ የሚመልሰው ማሽን ጽፎላቸው ነው። ተቆጣሁ። ግን ብከለክልስ? ቤት ሲገቡ ስልኩ እጃቸው ላይ ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣን። መጀመሪያ ራስህ በእስክሪብቶ ትጽፋለህ፣ ከዚያ ለማሽኑ ታስነብበዋለህ፤ አንድም ዓረፍተ ነገር ግን አታስጽፈውም።

የመጀመሪያው ሙከራ አሳቀን። አንዷ «ጽሑፌ እንዴት ነው?» አለችው። «ድንቅ ነው!» አላት። ሆን ብለን ያበላሸነውን ሰጠነው፣ እሱም ድንቅ ሆኖ ተገኘ። ጥያቄውን ቀየርነው፦ «ተቃዋሚዬ ሁን፤ የቱ ነጥቤ ነው የሚፈርሰው?»

አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ «አድዋን ያሸነፍነው በአንድነታችን ብቻ ነው» ብሎ ጽፎ ነበር። ማሽኑ «ብቻ» የምትለዋን ያዘ። ምኒልክ ለዓመታት ሲያስገቡት የኖሩት ጠመንጃስ? ጣሊያኖቹ በተሳሳተ ካርታ ሲመሩ የጄኔራል አልቤርቶኔ ብርጌድ ከሌላው ጦር ተነጥሎ ወደፊት መሄዱስ? ልጁ አኮረፈ። ሳምንቱን ላይብረሪ ከርሞ ሲመጣ «ብቻ»ን ሰርዟታል፤ ያ ሁሉ ሰው ግን በአንድ ክተት አዋጅ ከየአገሩ ተነሥቶ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መምጣቱን በሁለት ገጽ ዘርዝሮ፣ አሁን ይሞክረኝ አለ።

ማሽኑም ይሳሳታል። የካቲት 23 ቀን 1888 የሚለውን አይቶ «ስህተት ነው፣ 1896 ነው» አለ። የፈረንጁን አቆጣጠር ይዞ! ልጁ ሲያስረዳው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። አንዷ ተንኮለኛ ደግሞ «የለም፣ በኢትዮጵያ 1890 ነው» ብላ ብትጽፍለት እሷንም ይቅርታ ጠየቃት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እሱ ያለውን ሁሉ መጽሐፍ ገልጠን ሳናመሳክር አንቀበልም።

(የኢንተርኔቱ ካርድ ከኪሴ ነው። ይህን የምጽፈው አስተዳደሩ እንዲያነበው ነው።)

ለአድዋ በዓል በተደረገው ክርክር ተሸነፍን። ከማሽኑ ጋር ስንፋለም የሰነበትንባቸውን ሰባት ጥያቄዎች ይዘን ወጣን፤ ስምንተኛውን ያመጣችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። «ካሸነፍን ምኒልክ ለምን የመረብን ወንዝ ተሻግረው ጣሊያን ወደያዘው ኤርትራ ሳይዘልቁ ተመለሱ?» አለች። እኛም አላሰብነውም፣ ማሽኑም አላነሳብንም። ቡድናችን እርስ በርሱ ተያየ፣ ሰዓቱ አለቀ።

ልጅቷን ለመጪው ዓመት የክበቡ አባል አድርጌ መዝግቤያታለሁ።