መስኮት ላይ ለተመደብሽው ልጄ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ንፋሱ በርትቷል እንጂ ሁሉም ሰላም ነው።

ባለፈው በስልክ «አራት ዓመት የሕዝብ ግንኙነት ተምሬ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ላይ አስቀመጡኝ» ስትይኝ ሆዴ ተላወሰ። ካሜራ ይዘሽ፣ መግለጫ እያዘጋጀሽ ነበር ራስሽን የምታዪው። ይገባኛል። ግን እኔም ጡረታ እስክወጣ መዝገብ ቤት የሠራሁ ነኝና ስለ መስኮት ትንሽ ላውራሽ።

ቤት ትተሽው የሄድሽውን የትምህርት ደብተር አነበብኩት። ከሕዝብ ግንኙነት ሙያ ጀማሪዎች አንዱ የሚባለው የአሜሪካዊው የአይቪ ሊ ታሪክ በጣም ደስ አለኝ። በፈረንጆቹ 1906 የፔንሲልቫኒያ የባቡር ድርጅት አደጋ ሲደርስበት እንደ ልማዱ ሊደብቅ ፈለገ። ሊ ግን ጋዜጠኞቹን በድርጅቱ ወጪ አደጋው ቦታ ድረስ ወሰዳቸው። ታዲያ አንቺ ጋ ባቡር የለም፤ «ሲስተም የለም» የሚባል ነገር ግን አለ። ሰው ከዱከም በሁለት ታክሲ መጥቶ ይህን ሁለት ቃል ሰምቶ ግድግዳ ተደግፎ ይውላል። እስከ መቼ? ማንም አይነግረውም። አንቺ ተነሺና «ሲስተሙ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ተቋርጧል፤ ከሰዓት በኋላም ላይመለስ ይችላል። ከሩቅ የመጣችሁ ስልካችሁን ጻፉልኝ፣ ሲመለስ እደውላለሁ» በያቸው። ከዚያ ደውዪ። መደወሉ ነው ዋናው!

ሰሞኑን ብሎካችን በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። «በፓምፕ ብልሽት ምክንያት ውኃ ለጊዜው የሚቋረጥ መሆኑን በትሕትና እናሳውቃለን» ይላል። ማኅተሙ ትልቅ ነው፣ ትሕትናውም አልጎደለም። ቀን ግን የለውም። የትኛው ብሎክ እንደሆነ አይልም፣ የሚደወልበት ስልክ የለውም። ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው ጥበቃውን ከበው ይጠይቁታል፤ እሱም የሚያውቀው ወረቀቱ ላይ ያለውን ብቻ ነው። አንቺ ብትሆኚ ኖሮ «ከማክሰኞ ጠዋት እስከ ሐሙስ ማታ» ብለሽ ትጀምሪ ነበር። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ትጽፊው ነበር፤ ሰፈራችን ሁለቱንም ነው የሚናገረው።

ደብተርሽ ላይ ከሁሉ የያዘኝ ግን የሕዝብ ግንኙነት ምሁራኑ የግሩኒግና የሀንት ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1984 ካስቀመጧቸው አራት የሕዝብ ግንኙነት ሞዴሎች የመጨረሻውን፣ የሁለትዮሽ ተመጣጣኝ የሚሉትን፣ በቀይ አስምረሽበታል። መሥሪያ ቤቱ ሕዝቡን ማሳመን ብቻ ሳይሆን ራሱም ከሕዝቡ ሰምቶ ይለወጥ የሚለውን ማለቴ ነው። ልጄ፣ የሕዝቡ ድምፅ መጀመሪያ የሚደርሰው ማን ጋ ይመስልሻል? ሥራ አስኪያጁ ጋማ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባላል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዢ። ሰው በምን ምክንያት ተመልሶ እንደሄደ መዝግቢ። አንዱ ፎቶ ኮፒ ጎድሎበት ነው፣ ሌላው ፈራሚው ስለሌለ፣ ሦስተኛው የትኛው ቢሮ እንደሚገባ ስላላወቀ። ስም አትጻፊ፣ ምክንያቱን ብቻ። አርብ አርብ ደምረሽ ለአለቃሽ ስጪ። መጀመሪያ ላያነበው ይችላል። አንቺ አታቋርጪ። ሰው ሁሉ የሚመለሰው በአንድ ፎቶ ኮፒ ከሆነ፣ ምን ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት በር ላይ መለጠፍ ምን ያስወጣል?

ሌላው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። መረጃ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄውን የሚያቀርበው ለሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። መዝገብ ቤት ሳለሁ «ፋይሉ ጠፍቷል፣ ነገ ና» እየተባለ ስንቱ ሲመላለስ አይቻለሁ። አንድ ቀን ያ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ወንበር ላይ መቀመጥሽ አይቀርም። ያኔ ሰዉ የሚጠይቀውን ከአሁኑ ብታውቂው ለራስሽም ይቀልሻል።

ቅዳሜ ስትመጪ ደብተሩን ይዘሽ ነይ፤ ለአለቃሽ የምትጽፊውን አብረን እናየዋለን። በርበሬም አስፈጭቼልሻለሁ፣ ትልቁን ዕቃ አትርሺ።

የምትወድሽ እናትሽ