የሕርጊጎው ናኢብ ካርታ ውስጥ

ሰላም ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህልኝ? ሁለት አመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ ካርታ ስጽፍልህ አበደ እንዴ እንደምትል አውቃለሁ ግን ለማን ልንገረው፣ ካርታ ያስተማርከኝ አንተ ነህ (ያጭበረበርከኝም አንተው)።

እዚህ ቫሌንሲያ የምጦራቸው ሽማግሌ ከምሳ በኋላ ካርታ ካልተጫወቱ አይሆንላቸውም። ካርታን ናይፔስ ነው ሚሉት። ቃሉ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረና ጎግል ሳደርገው ከዐረብኛው ናኢብ የመጣ ነው አይለኝም! የሕርጊጎው ናኢብ ትዝ አለህ? ምፅዋ አጠገብ ቁጭ ብሎ በቱርክ ስም ሚገዛው፣ በፈረንጆቹ 1769 ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጀምስ ብሩስን መከራ ያሳየው። ቃሉ ያው ራሱ ነው፣ ምክትል ማለት፣ በኛ እንደራሴ በለው።

ካርታና ሹመት ምን አገናኘው ካልክ፣ የድሮዎቹ የግብፅ ማምሉኮች (ከባርነት ተነስተው ግብፅን የገዙት ወታደሮች) ካርታ ላይ ንግስት የለችም፣ ንጉስ አለ፣ የንጉስ ናኢብ አለ፣ ሁለተኛ ናኢብ አለ፣ በቃ። ጨዋታው ባህር ሲሻገር ስሙን ይዞ ተሻገረ፣ ፍሎረንስ በ1377 ናይቤ የሚባል አዲስ ጨዋታ ገባብን ብላ ከልክላው ነበር። እኔን የገረመኝ ግን ምልክቶቹ ናቸው፣ ዋንጫ፣ ሳንቲም፣ ሰይፍ፣ አራተኛው የፖሎ ዱላ፣ ማለት ፈረስ ላይ ሆነህ ገና ስትጫወት አስበው። አውሮፓ ፖሎ ስለማያውቅ የስፔን ካርታ ላይ ተራ ቆመጥ ሆኖ ቀረ። እኛ ሰፈር ቢመጣ እኮ ማንም ውርጋጥ ያውቀው ነበር!

ጣልያኖቹ በኋላ ናይቤን ትተው ካርታ አሉት፣ እኛም ከነሱ ወስደን ለጂኦግራፊውም ለቤቱም ለቁማሩም አንድ ቃል አረግነው።

አሁን በናኢቡ ቦታ ፈረሰኛ ነው ያለው። ሽማግሌው ፈረሰኛውን ጠረጴዛው ላይ ጧ ሲያደርጉት እኔ በሆዴ መጡ የሕርጊጎው ጌታ እላለሁ፣ ብቻዬን ስስቅ ያዩኛል፣ እንዴት ብዬ ላስረዳቸው።

አንድ የማምሉኮች ካርታ ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተመንግስት ተቀምጧል፣ 52 መሆን ሲገባው የጎደሉት አሉ። ያቺ ከሲጋራ ካርቶን ቆርጠን በእስክሪብቶ የሳልናት ሰባት ቁጥር ትዝ አለችኝ። አለች እስካሁን? ፎቶ አንሳና ላክልኝ እስቲ።